በበጋ እንቡጡ የሚቀጠፍ ጽጌረዳ

የኮሌጁ መምህርት ቆሰበር ወዳለው ግቢዬ የገባችው በነሐሴ ነው፤ ቦት ጫማዋ ጭቃ ጠግቦ፣ ጃንጥላዋን ነፋስ ገልብጦባት። እኔ የቀርከሃ አጥሬን እጠግን ነበር። «ቤት ግቢ» ብላት «ይቆዩ እማማ፣ መጀመሪያ ይሄን ልየው» ብላ ቀጥታ ወደ ጽጌረዳው ሄደች። እንግዳ ሰው ከእኔ ቀድሞ አበባዬን ሰላም ሲል ደስ አይለኝም። ግን ልጅቷ በስብሳ ስትንቀጠቀጥ አይቼ ተውኳት።

«ስንት ዓመቱ ነው?» አለችኝ፤ ደብተርና እስክሪብቶ አውጥታለች።

«ከእኔ ስድስት ሰባት ዓመት ያንሳል።»

«እርስዎስ ስንት ዓመትዎ ነው?»

«እሱን ለምን ፈለግሽው? እኔንም ልትጽፊኝ ነው?»

ሳቀች። ከዚያ የመጣችበትን ነገረችኝ። ኮሌጁ ውስጥ የዞናችን የድሮ የጓሮ አበቦች የሚተከሉበት ቦታ ተከልሏል። ከእያንዳንዱ አበባ ፊት ሰሌዳ ይቆማል፤ መልኩ ምን እንደሚመስል፣ ሽታው፣ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንዳቆየው ይጻፍበታል።

«ከየት እንደመጣ» ስትል በእጄ የያዝኩትን ልጥ ጣልኩት።

«ለዚህኛው ምን ልትጽፊ ነው?»

መምህርቷ መልስ ለመስጠት አመነታች። «እስካሁን ያለኝ ዳንግላ ካሉ አንዲት እናት የሰማሁት ነው። እሳቸውም ቤት እንዲህ ያለ ጽጌረዳ አለ። እሳቸው እንደሚሉት…»

«እንደሚሉት ምን?»

«የቆሰበሩ ከእኛ የተሰረቀ ነው ይላሉ።»

ዳንግላ ያለችው ሴት ማን እንደሆነች ሳትነግረኝ አወቅኩ። ይህ ቃል ለእኔ አዲስ አይደለም። ያደግኩት በዚህ ቃል ሥር ነው። አዲሱ ነገር አሁን በቀለም ተጽፎ፣ በእንጨት ላይ ተቸንክሮ፣ ተማሪ ሁሉ ሊያነበው መሆኑ ነው።

ልጅ ሳለሁ እናቴ ዳንግላ ውስጥ አንዲት ፈረንጅ አዋላጅ ቤት ትሠራ ነበር። ልብስ ታጥባለች፣ አትክልት ታጠጣለች። ሰኞ ትሄዳለች፤ ቅዳሜ በጭነት መኪና ላይ ከበጎችና ከጆንያዎች ጋር ተጭና ትመለሳለች። እኔ ቆሰበር ከአያቴ ጋር እቀራለሁ። በዚያ ግቢ ወጥ ቤት የምትሠራ ሌላ ሴት ነበረች፤ በዕድሜ ከእናቴ የምትበልጥ፣ የጓዳውን ቁልፍ የምትይዝ፣ አንዲት ሴት ልጅ የነበረቻት። ዛሬ ዳንግላ ሆና ስለ ሌብነት የምታወራው ያቺ ልጅ ናት።

ፈረንጇ ከአገሯ ያመጣችው ጽጌረዳ ነበራት። እናቴ በአማርኛም በአገውኛም ስም ስላጣችለት «የፈረንጅ ቀጋ» ትለው ነበር፤ የእኛ ቀጋ በየአጥሩ የሚበቅለው፣ ነጭ የሚያብበው፣ ልጆች ፍሬውን የሚበሉት እሾህ ነው። አንድ ቅዳሜ ወጥ ቤቷ ለገበያ ወደ ቆሰበር ወጣች። በደጃችን ስታልፍ ከጎመን መደባችን መሀል የፈረንጇን ቀጋ የመሰለ ነገር ቆሞ አየች። ሰኞ ለእመቤቷ ተናገረች። እናቴ በዚያው ሳምንት ከሥራ ተባረረች።

በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ባልከፋ። ወሬው ግን ከእናቴ ቀድሞ ማህበር ገባ። የእመቤታችን ማህበር ነው፤ በየወሩ በሃያ አንድ አንዱ ቤት ይደገሳል፣ በሚቀጥለው ወር ሌላው ያወጣል፤ ተራ ነው። የእናቴ ተራ ሲደርስ አንዲት ሴት ተነስታ «አበባ እንኳ የማይቀራት ሴት የማህበር ዕቃ ሊሰጣት ነው?» አለች።  እናቴን ከማህበር አላስወጧትም፤ ተራዋን ብቻ ዘለሉት። በሚቀጥለው ዙርም ዘለሉት። እናቴ በየወሩ ነጠላዋን አጣፍታ ትሄዳለች፣ ከበሩ ሥር ትቀመጣለች፣ የሌላ ሰው ጠላ ቀምሳ ትመለሳለች። እስክትሞት አንድ ቀን እንኳ በቤቷ አልተደገሰም። ዛሬ በቦኖ ውኃ ሰልፍ ሰው ሲገፋ መንደሩን በጩኸት የማናጋው ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። ተራ ሲዘለል ማየት አልችልም።

እናቴ መከላከያዋ አንድ ነበር። «የእሷ ይፈካል፤ የእኔ አይፈካም። የእሷ ቀላ ይላል፤ የእኔ አረንጓዴያማ ነጭ ነው። አንድ ከሆኑ ለምን አንድ ዓይነት አያብቡም?» ትል ነበር። እውነትም የእኛ አይፈካም። ክረምቱን ሙሉ እንቡጡ ያብጣል፣ ውጪው ቡናማ ይሆናል፣ እንደ ራሰ ወረቀት ተጣብቆ ይረግፋል። በበጋ ደግሞ እንቡጡ እንደወጣ እንቀጥፈዋለን። የእናቴ ትእዛዝ ነው። «በበጋ እንቡጥ አይተውበትም፣ ግንዱን ይጨርሰዋል» ትላለች። የቀጠፈችውን ለራስ ቅቤ መዓዛ ታደርገዋለች። እኔም ከእሷ ሥር ሆኜ ቀጠፍኩ፤ እሷ ከሞተች በኋላም ቀጠፍኩ። ጎመን ሲተከል ውኃ እንደሚጠጣ ሁሉ፣ የፈረንጅ ቀጋም በበጋ እንቡጡ እንደሚለቀም ነው የማውቀው።

ስለዚህ መምህርቷን ቤት አስገብቼ ሁሉንም ነገርኳት። «ሁለቱ የተለያዩ አበቦች ናቸው። ጻፊው» አልኳት።

መምህርቷ ከቦርሳዋ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጣች። ፈረንጇ ስትሄድ ለወጥ ቤቷ አንድ ሳጥን ትታ ነበር፤ በውስጡ ስለ አትክልቶቿ በእጇ የጻፈችበት ደብተር ተገኘ። መምህርቷ ፎቶኮፒ አድርጋ፣ ስለ ጽጌረዳው የተጻፈውን ወደ አማርኛ መልሳዋለች።

«አንብቢልኝ» አልኳት። «ቀስ ብለሽ።»

«የለጋ ቅጠሉ ቀለም እንደ ሳር አረንጓዴ ሳይሆን እንደ ቀይ ወይን ነው» ብላ ጀመረች። «ሲጎለምስ አረንጓዴ ሆኖ ያብረቀርቃል።»

ተነስቼ ወጣሁ። ዝናቡ ላይ ቆሜ ቅጠሉን አየሁት። እንደተባለው ነው። ተመለስኩ።

«እሾሁ ጥቂት ነው፤ ግን ወደ ታች የታጠፈ ነው፣ የያዘውን አይለቅም።»

እንደገና ወጣሁ። ነጠላዬን ያዘኝ።

«እማማ፣ በሰበሱ እኮ!»

«አንቺ አንብቢ!»

«አንገቱ ቀጭን ነው። አበባው ሲከብደው አቀርቅሮ መሬት መሬቱን ያያል፤ ፊቱን ማየት የፈለገ ሰው መንበርከክ አለበት። ሲፈካ መሀሉ እንደ ቅቤ ነው፤ ጠርዙ የተቆጣ ሕፃን ጉንጭ ይመስላል፤ ፀሐዩ በበረታ መጠን ይቀላል። ሽታው አሁን የተቀደደ የሻይ ቅጠል ፓኬት ነው።»

«ይኸውልሽ!» አልኳት። «ሲፈካ ነው የሚለው። የእኛ አይፈካም። ቅጠልና እሾህማ የትኛው ጽጌረዳ የለውም?»

መምህርቷ አልተከራከረችኝም። በመጻሕፍት ያየችውን ነገረችኝ። እንዲህ ያሉ፣ የሻይ ሽታ ያላቸው የድሮ ጽጌረዳዎች ድሮም ሰው አጣልተዋል አለች። አንዱን አበባ አንዱ ጸሐፊ ነጭ ይለዋል፣ ሌላው ሮዝ፣ ሌላው ቢጫ። ሁሉም ያየውን ነው የጻፈው፤ አበባው ግን በብርድ ሌላ፣ በሙቀት ሌላ ነው። ከዚያ አንድ ገጽ ገለበጠች። ይህን ያነበበችው ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው።

«ዘንድሮ ዝናቡ አልቆም አለ። እንቡጦቹ ሳይፈኩ ውጪያቸው እንደ ራሰ ወረቀት ተጣብቆ ቀረ።»

ዳንግላ ከእኛ ቆላ ትላለች፤ ፀሐይ አይታጣባትም። ቆሰበር ግን ደመናው ከዘንገና ሐይቅ በላይ ተነስቶ ጣሪያችን ላይ ነው የሚያርፈው። በዳንግላ አንድ ክፉ ክረምት የሆነው ነገር በእኛ ግቢ በየክረምቱ ይሆናል ማለት ነው። ይህን ለመረዳት ከአራተኛ ክፍል በላይ መማር አላስፈለገኝም።

«እማማ» አለች መምህርቷ። «በጥር ወርስ? በጥር ዝናብ የለም። ያኔም አይፈካም?»

«በጥር እንቡጡን እንለቅመዋለን አላልኩሽም?»

«ለምን?»

ተነስቼ በሩን ከፈትኩላት። 

«ውጪልኝ» አልኳት።

ወረቀቷን ሰብስባ፣ ጃንጥላዋን ይዛ ወጣች። በሩ ላይ ስትደርስ ጠራኋት። «ወረቀቱን ትተሽልኝ ሂጂ። እስክጠራሽ ድረስም አንድ ቃል እንዳትጽፊ፤ ለእኔም፣ ለዚያችም!»

ከዚያ በኋላ መቀመጥ አልቻልኩም። መስከረም ጠባ፣ ጥቅምት ገባ፣ ዝናቡ ሳሳ። አዲስ እንቡጥ መጣ። ላለመቅጠፍ ወስኜ ነበር፤ እጄ ግን አልሰማኝም። ሁለት ጊዜ ከጓሮ ስመለስ መዳፌ ውስጥ እንቡጥ አገኘሁ፤ መቼ እንደቀጠፍኩት አላውቅም። ድንች ልቆፍር እወጣለሁ፣ ሁለት መስመር ሳልጨርስ ዶማውን ጥዬ እመለሳለሁ። ቅዳሴ ላይ ቆሜ ወደ ቤት መሄድ ያምረኛል፤ ቤት ስገባ ደግሞ መንገድ መንገድ ይለኛል። አንድ ቀን እስከ ዘንገና ድረስ በእግሬ ሄጄ፣ ሐይቁን ዘወር ብዬ እንኳ ሳላየው ተመለስኩ። ልጄ ስልክ ደውላ «ታመሽ ነው እንዴ?» ትለኛለች። «ኔትወርኩ ነው» እያልኩ እዘጋባታለሁ።

እውነቱን ልጻፍ። እንዳይፈካ እመኝ ነበር። ካልፈካ እናቴ ንጹሕ ናት። ከፈካ ግን ያ ሁሉ ዓመት በፊቴ የተናገረችው ውሸት ነው፤ እኔም በገዛ ጣቶቼ አብሬያት ዋሽቻለሁ። አንድ ጠዋት መቀስ ይዤ ወጣሁ። ከአንዱ በስተቀር ሁሉም እንቡጥ ገና ጥሬ ነው፤ ያ አንዱ ጫፉ ላላ ብሏል። ብቆርጠው ማን ያየኛል? መምህርቷን ጠርቼ «ጠበቅኩት፣ አልፈካም» ብላት ታምነኛለች። በውኃ ሰልፍ የምጮኸው እኔ፣ መቀሱን ከፍቼ እንቡጡ አንገት ላይ አደረግኩት። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። በኋላ መቀሱን ወስጄ የዱቄት ዕቃ ውስጥ ቀበርኩት። ለማውጣት ሁለት ቀን ፈጀብኝ፤ የት እንዳደረግኩት ረስቼ ነበር።

በኅዳር መጨረሻ፣ ሁለት ተከታታይ የፀሐይ ቀን በሆነ ማግስት፣ ፈካ።

አቀርቅሮ ነበርና ተንበረከክኩ። መሀሉ ቅቤ ነው። ጠርዙ ቀልቷል። አፍንጫዬን አስጠጋሁ፤ ሱቅ ውስጥ የሻይ ፓኬት ሲቀደድ የሚሸተው ነው። ወረቀቱን ይዤ አንድ በአንድ አስተያየሁ፤ የጎደለ የለም። ፈረንጇ በባዕድ ቋንቋ፣ እኔ ገና በልጅነቴ ሳለሁ፣ ይህን የእኔን ግቢ አበባ ጽፋዋለች።

እናቴ ይህን ፊት ታውቀው ነበር። ዳንግላ ሳለች በየቀኑ ውኃ አጠጥታዋለች። ቤቷ ሲመጣ ግን አንድ ጊዜ እንኳ እንዲያብብ አልፈቀደችለትም። ከመሬት ነቅላ ብትጥለው በቀለለ ነበር። አልነቀለችውም። ለምን እንዳልነቀለችው ዛሬም አላውቅም።

በዚያ ላይ ሌላ ጥያቄ መጣብኝ፤ እሱም አላስቀመጠኝም። በማግስቱ ሚኒባስ ይዤ ዳንግላ ወረድኩ። ከመናኸሪያው በጋሪ ሆኜ ቤቷን አጠያየቅኩ። የወጥ ቤቷ ልጅ አሁን ወገቧ ጎብጧል። በረንዳ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ ልላት ይገባኝ ነበር፤ አላልኳትም። ከጀርባዋ የፈረንጇ ጽጌረዳ እስከ ጣሪያው ተሰቅሎ፣ አንገቱን ደፍቶ አብቧል።

ሳትነሳ አየችኝ። «ልትሰዳደቢ ከሆነ ምስሬን ልጨርስ» አለች።

«ልሰደብ ነው የመጣሁት። የእናቴ አበባ የእናንተው ነው። ፈካ፣ አየሁት። አንድ ነው። ይህን በፊትሽ ልበልሽ ብዬ ነው።»

እጇ ምስሩ ላይ ቆመ። ጠብ ጠብቃ ነበር፤ ይህን አልጠበቀችም።

«ቁጭ በይ።»

«ቆሜ ይሻለኛል። የእኔን ተናግሬአለሁ፤ አሁን አንቺ መልሺልኝ። እናቴ ሰረቀች ትላላችሁ። እሺ። ሰው የሰረቀውን አበባ ዶሮ በሚጭርበት ጎመን መሀል ይተክላል? ከመንገድ እየታየ? ሌባ ከቤቱ ጀርባ ነው የሚተክለው። ይህን እስከዛሬ ማን ጠየቀ?»

 ሰፌዱን ከጭኗ ላይ አንስታ መሬት አስቀመጠችው። «አንቺ የመጣሽበትን ሳታገኚ አትመለሺም» አለች።

«ምን?»

«እሾሁን እናትሽን ያሸከምኳት እኔ ነኝ።»

ከዚያ ነገሩን ዓይኔን ሳታይ ተናገረችው። በዚያ ዓመት ጽጌረዳው ቅጠሉ ላይ ጥቁር ጥቁር ነጠብጣብ አወጣ። ፈረንጇ ብዙውን ቅርንጫፍ አስቆርጣ «ሁሉም ይቃጠል፣ አንድ እንጨት ከግቢ እንዳይወጣ፣ በሽታው ወደ ሌላው አትክልት ይሄዳል» አለች። ማቃጠሉ ለዚህች ልጅ ተሰጣት፤ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። እንጨቱ ርጥብ ነው፤ ጭስ እንጂ እሳት እንቢ አለ። እናቴ ደግሞ በዚያ ቅዳሜ የጎመን ችግኝ በቅርጫት ይዛ ልትሳፈር ነበር። መኪናው ላይ በግ አለ። ልጅቷ «ይበሉብሻል» ብላ የተቆረጠውን እሾህ ከችግኙ ላይ ደረበችላት። የቀረውንም በእቅፏ አስታቀፈቻት። ማቃጠሉ ቀረላት።

የቀረውን እኔ ነኝ የማውቀው፤ እሷ ስትናገር ትዝ አለኝ። ከጎመን መደቡ ዶሮ ማባረር የእኔ ሥራ ነበር። አንድ ቅዳሜ ማታ ግን እናቴ «ከእንግዲህ ሂጂ ተጫወቺ» አለችኝ። መደቡ ዙሪያ እሾህ ተክላበት ነበር። እንዲህ ነው የምናደርገው ሁላችንም፤ ችግኝ ሲተከል እሾህ ይሰካበታል፣ ዶሮዋ እግሯን ትወጋና ትመለሳለች። በቆሰበር ዝናብ ደግሞ የአጥር ካስማ እንኳ ይበቅላል። ከእሾሁ አንዱ ቅጠል አወጣ። እናቴ ምን እንደሆነ ያወቀችው ቅጠሉ ሲቀላ ይሆናል።

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«እናቴ እጇ ከባድ ነበር። አቃጥዪ ተብዬ ሳላቃጥል መቅረቴን ብታውቅ…»

«ያኔስ እሺ። አሁንም አሥራ ሁለት ዓመትሽ ነው?»

ይህን ስላት ቀና አለች። «አንቺስ? ይህን ሁሉ ዓመት እንቡጥ ስትለቅሚ፣ አንድ ቀን ለምን ብለሽ ጠየቅሽ?»

 በዚያች ሰዓት ብጠላትም መልሱ ትክክል ነበር።

«እናትሽ ታውቅ ነበር» አለች። «ማን እንዳሸከማት ታውቃለች። በየቀኑ አሁን ስሜን ትጠራለች እያልኩ ጠበቅኳት። አልጠራችኝም።»

ልጅን ከዱላ ለማዳን ብላ ዝም አለች ብዬ መጻፍ በወደድኩ። ግን አላውቅም። ምናልባት የጠየቃት የለም። ምናልባት ብትናገርም እንደማይሰሟት አውቃለች። ሰው የማያውቀውን መልካም ነገር በእናቱ ላይ መጨመርም ያው ውሸት ነው።

«ቆሰበር ትመጫለሽ» አልኳት። «በጥር ሃያ አንድ፣ ማህበር ፊት ቆመሽ ትናገሪዋለሽ።»

«ጉልበቴን አታዪውም?»

«ሚኒባስ ጉልበት አይጠይቅም። ከመናኸሪያው ባጃጅ ላይ እኔ አወጣሻለሁ።»

«ለመምህሯ ልንገራትና ትጻፈው።»

«የእናቴ ስም የጠፋው ወረቀት ላይ አይደለም፤ ማህበር ውስጥ ነው።»

«ያኔ የነበሩት ሞተዋል እኮ፣ አንቺ ሴት!»

«ልጆቻቸው በየቦታቸው ተቀምጠዋል። የወረሱትን ወሬ ይመልሱ።»

መምጣቷን አላመንኩም ነበር። እስከ ጥር ድረስ ትቀራለች፣ ጉልበቴን ብላ ታሳብባለች፣ ከዚያ በፊትም ልትሞት ትችላለች እያልኩ ቆየሁ። መምህርቷ ደውላ ሰሌዳው ላይ ምን ልጻፍ ስትለኝ የሆነውን እንዳለ ነገርኳት። «የጎመን ችግኝ ሊጠብቅ በእሾህነት ከዳንግላ ወጥቶ ቆሰበር የበቀለ» ብላ አነበበችልኝ። «የዳንግላውም የቆሰበሩም መልክ ለየብቻ ይጻፍ፤ አንዱ በሌላው አይሸፈን» አልኳት። እሺ አለች። ደስ አለኝ፤ ግን ዕረፍት አልሰጠኝም።

በጥር ሃያ አንድ መጣች። ከባጃጁ በምርኩዝ ስትወርድ ነጭ ልብሷን ለብሳለች። ጸበሉ ተቀምሶ፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ቄሱ ከተሰናበቱ በኋላ የማህበሩን ሙሴ፣ ማለት አለቃችንን፣ «የሚናገር ሰው አለኝ» አልኩት። ፈቀደ። ቆመች። እኩሌታው ሰው ከገጠር የመጣ ስለሆነ መጀመሪያ በአገውኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ ተናገረች። ቅርንጫፉን፣ ያልነደደውን እሳት፣ በጎቹን፣ ቅርጫቱን፤ የእናቷን ወሬም ጨምራ። አላሳጠረችውም። 

ከወጣቶቹ አንዱ ወደ ጎረቤቱ ዞሮ «ይሄ ሁሉ ስለ አበባ ነው?» አለ።

ከምድጃው አጠገብ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት፣ ያኔ ከነበሩት የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው፣ «ዝም በል አንተ!» አሉት። «ስለ ተራ ነው።»

 ሙሴው «እንግዲህ የተዘለለው ተራ ይመለስ» አለ። ሰው ሁሉ «ይመለስ፣ ይመለስ» አለ።  ልቀመጥ ስል የዳንግላዋ ሴት ምርኩዟን መሬት መታች።

«አላለቀም። እሷም የምትለው አላት።»

«ምን?» አለ ሙሴው።

«እኔ የእናቴን ተናግሬአለሁ። እሷም የእናቷን ትናገር።»

እዚያ ላይ ባንቃት ደስ ባለኝ። ተራው ተመልሷል፣ የእናቴ ስም ጠርቷል፣ ሰው ጠላውን ሊያነሳ ነው። ዝም ብል ማንም አይጠይቀኝም። እሷ ግን ቆማ ትጠብቀኛለች፤ የማትፈልገውን ሁሉ ከአፏ ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ተነሳሁ። «እናቴ አልሰረቀችም» አልኩ። «ዋሽታለች ግን። አበባው የፈረንጇ እንደሆነ እያወቀች ሌላ ነው ብላችኋለች። እንዳይታወቅባት በየበጋው እንቡጡን ትቀጥፍ ነበር። እኔም እቀጥፍ ነበር። ይህን ሰምታችሁ ተራዋን መልሱ፣ ወይም ተዉት። ሳትሰሙ ግን አልወስድም።»

  ሙሴው አሮጊቷን አየ፤ አሮጊቷ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱ።

«ፈርታ ነዋ» አሉ። «እኛ ነን ያስፈራናት። የየካቲቱን ስጧት።»

«የየካቲቱ የማን ነበር?» አልኩ።

ከወደ በሩ አንዲት ሴት እጇን አወጣች። ለጠላው ጌሾ እንኳ ገዝታለች።

«እንግዲያው አልወስድም። የሰው ተራ ዘልዬ የእናቴን ተራ አልመልስም። ከሁሉ መጨረሻ ጻፉኝ።»

ሳቁብኝ። ሙሴው በጣቱ ቆጠረና «እንዲያ ከሆነማ ተራሽ እስኪደርስ ወደ ሁለት ዓመት ነው» አለ።

«እስከዚያ ትኖሪያለሽ?» አለችኝ የዳንግላዋ ሴት፣ ጮክ ብላ፣ ሁሉም እንዲሰማ።

«ካልኖርኩ ልጄ ታወጣዋለች» አልኩ። «ብቻ በእናቴ ስም ይጻፍ። አሁን፣ እያየሁት።»

ሙሴው ደብተሩን አምጡ አለ። እስኪጽፍ ድረስ አልተቀመጥኩም።